የተጸለየለት የሽጉጥ ካዝና

ባለፈው ቅዳሜ የቀቀልኩትን ድንች ውሃ ሳጠነፍፍ ከእህቴ ልጅ ከሊዲያ ፎቶ መጣልኝ። የሽጉጥ ፎቶ ነው። ሪቮልቨር፣ እጀታው ቡናማ እንጨት፣ አፈሙዙ ረዘም ያለ፣ ጥይት የሚጎርሰው ክብ ቤቱ ወደ ጎን ተከፍቶ የሚታይ። ከሥሩ በስዊድንኛ አንድ ጥያቄ አስከትላለች። አጎቴ፣ ወጣት ሳለህ ትተኩስ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ማግነሙን ልምረጥ ወይስ ተራውን ሃያ ሁለት?

ሊዲያ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ስቶክሆልም፣ ሺስታ ሰፈር ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ተጎልታ ትውላለች፤ ለመዝናኛ ብላ የተኩስ ክለብ ከገባች ዓመት ሆኗታል። አማርኛ ስናወራ ሁሉንም ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በስዊድንኛ ነው። እኔ ደግሞ ሃምሳዎቹን አጋምሼ፣ ሱንድቢበሪ ባለች ሁለት ክፍል ቤቴ ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ። የጠየቀችኝ ቀላል ነገር ነበር፤ አንድ ሰው ስለ ጫማ ቁጥር ቢጠይቅ እንኳ ከዚህ በላይ አያስቸግርም። እኔ ግን መልሱን ጽፌ አጠፋሁ፣ እንደገና ጽፌ አጠፋሁ፣ ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ወጥ ቤት ስመላለስ ድንቹ ቀዘቀዘ። ሲጨንቀኝ መቀመጥ አልችልም፤ ይህ አመሌ ዛሬ የመጣ አይደለም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የምህንድስና ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እፈልጋለሁ። የምኖረው ሁስቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከታላቅ እህቴ ከእትዬ አስቴር ጋር ነው። እናታችን የሞተችው እኔ ልጅ ሳለሁ ስለሆነ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስዊድን ቀድማ መጣች፣ ዩኒቨርሲቲ እንድገባ ወረቀቱን ሁሉ የጨረሰችልኝ እሷ፣ የመጣሁ ቀን ጃኬት ይዛ አውሮፕላን ማረፊያ የቆመችው እሷ። ለልጇ የታሰበውን ክፍል ለእኔ ሰጥታ፣ አራት ዓመት የሞላትን ሊዲያን ከራሷ ጋር ታስተኛ ነበር። ባለቤቷ ጋሼ በቀለ በዚያ ሰሞን ለሥራ ሰሜን ስዊድን ስለሄደ ቤቱ የእሷና የእኔ ነበር ማለት ይቻላል። እዚህ አገር የነበረኝ ነገር ሁሉ በእሷ እጅ የመጣ ነው። ይህን የምለው በኋላ ምን እንዳበላሸሁ እንዲገባችሁ ነው።

ጊዜው ኅዳር ነበር። የስቶክሆልምን ኅዳር የማያውቅ ሰው ጨለማ ሲባል ሌሊት ይመስለዋል፤ እኔ የምለው ከምሳ በኋላ የሚመጣውን ነው። ጠዋት ጠዋት ደብዳቤ በበሩ ቀዳዳ ጠብ ሲል ከአልጋዬ ዘልዬ እወርዳለሁ። ማመልከቻዎን በደስታ ተቀብለናል፣ ነገር ግን ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተናል። ይህንኑ በተለያየ አርማ ስር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላስታውስም። ካነበብኩ በኋላ ቤት መቀመጥ አልችልም። ከሁስቢ እስከ አካላ ሰፈር በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ፤ በረዶው ቀልጦ ቡላ መስሎ ጫማዬ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ቀን ሰማያዊውን ቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡሩን ተሳፍሬ እስከ መጨረሻው ጣቢያ እሄድና ሳልወርድ እመለሳለሁ። እትዬ አስቴር ከሥራ ስትመጣ ሽሮ በደረቁ የስዊድን ዳቦ ታቀርብልኛለች፣ የት ዋልክ ትለኛለች፣ ቤተ መጻሕፍት እላለሁ። ውሸት የጀመርኩት እንግዲህ በትንሹ ነው።

በእርግጥ አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ነበር። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሽጉጥ ተኩስ ክለብ ጀማሪዎችን ይቀበላል የሚል ወረቀት አየሁ። ክለቡ ከአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ሥር፣ ድሮ ለቦምብ መጠለያ በተሠራ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። የብረት በሩን ስትገፋው የባሩድ፣ የመሣሪያ ዘይትና በፔርሙስ የቆየ ቡና ሽታ አንድ ላይ ይቀበልሃል። አስተማሪዬ ጉኔል የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። በስዊድንኛ ሁሉም ሰው አንተና አንቺ ነው፤ እኔ ግን ነጭ ፀጉራቸውን እያየሁ በልቤ አንቱ እላቸው ነበር፣ አሁንም ስለ እሳቸው በሌላ መንገድ ላወራ አልችልም።

ጉኔል ያስተማሩኝ ነገር ቢኖር መቆም ነው። እግርህን ከፈት፣ ግራ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት፣ ቀኝ እጅህን ዘርጋ። ትንፋሽህን አውጣና ግማሽ ላይ ያዘው። ቃታውን አትሳበው፣ ቀስ ብለህ ተጫነው፣ መቼ እንደሚተኩስ ራስህ አትወቀው። አምስት ጥይት ተኩሼ የዒላማ ወረቀቴን ለማየት እስክሄድ ድረስ በጭንቅላቴ ውስጥ አንድም ደብዳቤ አይመላለስም። በሳምንቱ ውስጥ ዝም ያልኩባቸው ደቂቃዎች እነዚያ ብቻ ነበሩ። ወደድኩት፤ ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ወደድኩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፈተናውን ላለፉ ተኳሾች የሚሰጠውን የብቃት ምልክት አገኘሁ። ያን ያገኘ ሰው የራሱን ሽጉጥ እንዲይዝ ማመልከት ይችላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሽጉጡን ትመርጣለህ፣ ክለቡ ይህ ሰው ታማኝ ነው፣ መሣሪያውም ለውድድር ይሆነዋል ብሎ ይፈርምልሃል፣ ከዚያ ፖሊስ ፈቃድ ይሰጥሃል ወይም ይከለክልሃል። ሽጉጡ የሚቀመጠው እቤትህ፣ ግድግዳ ላይ በብሎን በታሰረ የብረት ካዝና ውስጥ ነው። እቤትህ የሚለውን ቃል ያኔ በደንብ አላሰብኩበትም።

መሀል ከተማ ወዳለ የመሣሪያ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ ክለብ ውስጥ የምንተኩስበትን ዓይነት፣ ተራ ሃያ ሁለት ካሊበር፣ ጥይቱ ቀጭን የሆነ ሽጉጥ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ጠፍጣፋ፣ የቢሮ ዕቃ የመሰለ። ዓይኔ ግን መስታወቱ ውስጥ ሪቮልቨሯ ላይ ተተክሎ ቀረ። ያችም ሃያ ሁለት ናት፣ ግን ማግነም። ጥይቷ ያችው ትንሽ ጥይት ሆና ረዘም ያለች፣ ባሩዷ የበዛ፣ ድምጿም እንደዚያው። እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ክብ ቤቷን በአውራ ጣቴ ሳዞራት ጠቅ ጠቅ ጠቅ አለች፤ ያ ድምፅ ሁስቢ ድረስ ተከተለኝ።

ለምን እሷን እንደመረጥኩ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ከእጀታዋ ጋር አውራ ጣቴ አይገጥምም ነበር፤ እጄን እንደመጠምዘዝ አድርጌ ነው የያዝኳት። ግን ማግነም የሚለው ስም ደስ አለኝ። ለማንም ብጽፍ በትሕትና እምቢ በሚባልበት ወራት፣ ስነካው ወዲያው የሚመልስልኝ፣ ጮክ ብሎ የሚመልስልኝ ነገር ፈለግኩ።

ጉኔል ወረቀቱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። ይህች መሣሪያ ለትንሹ ካሊበር ውድድር ጥይቷ ትልቅ ነው፣ ለማግነም ውድድር ደግሞ ትንሽ ናት አሉኝ። በጫካ መሬት ላይ ቆርቆሮ እየደረደሩ ለሚዝናኑበት አገር የተሠራች ናት፤ እዚህ ግን ለመዝናናት ብቻ ብሎ ፈቃድ የለም፣ የሆነ ውድድር ውስጥ መግባት አለባት። ተራውን ምረጥ፣ ነገውኑ እፈርምልሃለሁ። እኔ ሙጭጭ አልኩ። ቢያንስ ለክለቡ ቦርድ ያቅርቡልኝ አልኳቸው። እሺ ካሉ በኋላ እግረ መንገዳቸውን ጠየቁኝ፦

«እህትህ ምን ትላለች? ትንሽ ልጅ አለች ብለኸኝ ነበር።»

«ታውቃለች» አልኩ። ያ እንደማይበቃ ከፊታቸው ሳይ ጨመርኩበት። «እንዲያውም ደስ ብሏታል።»

እትዬ አስቴር የምታውቀው ነገር አልነበረም። የወንጌል አማኝ ናት፤ ቤታችን ውስጥ ከእራት በፊት፣ ከመንገድ በፊት፣ ከሐኪም ቀጠሮ በፊት ይጸለያል። ሽጉጥ ብላት ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ ብዬ ሳልነግራት ወራት አለፉ። ይባስ ብዬ፣ ቁም ነገረኛ መሆኔን ለቦርዱ ለማሳየት፣ መልስ ሳይመጣ ካዝናውን አዘዝኩ። ሐሙስ ቀን፣ እሷ ሥራ በምትውልበት ሰዓት እንዲመጣ አመቻቸሁ። ካመጣሁት በኋላ ልብስ ከላዩ አንጠልጥዬ፣ ቀስ ብዬ፣ ጊዜ አይቼ እነግራታለሁ የሚል ዕቅድ ነበረኝ።

ካዝናው ረቡዕ መጣ። ረቡዕ ደግሞ የቤት ጸሎት ቀን ነው፤ ከሥራ መልስ ስምንት ዘጠኝ ሰው እኛ ቤት ይሰበሰባል። ዕቃ አምጪው ሰውዬ ከሕንፃው በር ወዲያ አላልፍም ብሎ፣ ያን የሚያህል ብረት በካርቶን እንደተጠቀለለ መሬት ላይ አቁሞልኝ ሄደ። ሊፍቱ ተበላሽቷል። እኔ ካዝናውን አቅፌ ወዴት ልሽሽ ስል ጋሽ ጴጥሮስ ደረሱ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፣ አውቶቡስ ሹፌር፣ ትከሻቸው ሰፊ። ከኋላቸው ሌሎች ሦስት ወንዶች።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ጠባይ ማሰብ ነው። ስዊድናዊ ጎረቤት ቢሆን ምንድነው፣ ስንት ኪሎ ነው፣ ለምን ባለሙያ አልጠራህም ይላል። ጋሽ ጴጥሮስ ግን ምንም ሳይጠይቁ ካፖርታቸውን አውልቀው ለእኔ አስያዙኝና በአንዱ ጫፍ ገቡ። በእያንዳንዱ ደረጃ «በኢየሱስ ስም» እያሉ ያነሳሉ፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አርፈው ላብ ጠረጉ። እኔ የአራት ሰው ካፖርት ታቅፌ ከኋላ እከተላለሁ፤ አፌን ከፍቼ እውነቱን ለመናገር ሦስት ፎቅ ሙሉ ጊዜ ነበረኝ።

እትዬ አስቴር በሩን ከፍታ ስታየን ደነገጠች። የኔ ነው፣ ዕቃ ማስቀመጫ ነው አልኳት። ካርቶኑ ሲቀደድ ወፍራሙን በርና ቁልፉን አይታ ፊቷ በራ። በዚያው ሰሞን ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤቶች ቤታቸው ተሰብሮ ፓስፖርታቸው ሳይቀር ተወስዶባቸው ነበር። ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ ዶክመንታችንን ብሎ እኮ ነው፣ ለእኔ አስቦ ነው አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሳምቡሳ የያዘ ሰሐን በእጇ እንደያዘች ነበር።

በእኛ ቤት አዲስ ዕቃ ሲገባ ሳይጸለይበት አይቀርም። መኪና ይሁን፣ ፍሪጅ ይሁን፣ የልጅ ጋሪ ይሁን ሽማግሌው እጁን ይጭናል። ጋሽ ጴጥሮስ ላባቸው ሳይደርቅ መዳፋቸውን ካዝናው ላይ አደረጉ፣ ሌሎቹም ዙሪያውን ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። ትንሿ ሊዲያ ሳትቀር በመሀላቸው ሹልክ ብላ ገብታ መዳፏን በሩ ላይ ለጠፈች። ጌታ ሆይ፣ በዚህ ውስጥ የሚቀመጠውን ሁሉ ጠብቅ፤ ለዚህ ቤት ሰላም፣ ለዚህች ሕፃን በረከት ይሁን፤ የዚህን ወጣት ልብ ባርክ፣ ለቤቱ አስቧልና አሉ። ሁሉም አሜን አለ። እትዬ አስቴር ቀና ብላ አየችኝ።

እኔም አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም። ካዝናው ክፍሌ ውስጥ ባዶውን ቆሟል፤ ካልጋዬ ስነሳም ስተኛም አየዋለሁ። ከሁስቢ ጀርባ ወዳለው ሜዳ እወጣና ፊቴ በነፋስ እስኪደነዝዝ እዞራለሁ። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ እመለሳለሁ፣ እሷ ደግሞ ያን ሰሞን እኔን አብልታ አትጠግብም፤ ሥጋ ጨምራ ትሰጠኛለች፣ ለጓደኞቿ በስልክ ወንድሜ ሰው ሆነ ስትል እሰማታለሁ። እንዲህ ያለውን ደስታ ማን በገዛ አፉ ያፈርሳል? ቦርዱ እሺ ይበል፣ ፖሊስም ይፍቀድ፣ ያኔ ሁሉንም ባንዴ እነግራታለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አስቴር ሊዲያን ከጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ፀጉሯን እየሠራች ሳለ የቤቱ ስልክ ጮኸ። እኔ ወጥ ቤት እንቁላል እየጠበስኩ ነበር። የእትዬ አስቴር ስዊድንኛ ከእኔ የተሻለ ነው። አዎ፣ እህቱ ነኝ ስትል ሰማሁ። ከዚያ አዎ፣ አዎ፣ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ምጣዱን ከምድጃው አነሳሁ፤ ጉኔል መሆናቸውን ያለ ማንም ነጋሪ አወቅሁ።

ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠች። የሊዲያን የመጨረሻ ሹሩባ ጎንጉና ጨርሳ፣ ሂጂ አሻንጉሊትሽን አምጪ ብላ ሰደደቻት። ከዚያ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ መልእክቱን አንድም ሳታጎድል ነገረችኝ።

«የተኩስ አስተማሪህ ናት። ቦርዱ ተሰብስቧል። ያቺ ሪቮልቨር ለየትኛውም ውድድር ስለማትሆን አይፈርሙልህም። ተራውን ከመረጥክ ግን ሰኞ ትፈርምልሃለች። ካዝናውን ግድግዳው ላይ ማሰር እንዳትረሳ ብላለች። እኔንም አመሰገነችኝ። ደስ ስላለኝ።»

እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። ቁልፉ አንገቴ ላይ እንደሚሆን፣ ጥይቱ ለብቻ እንደሚቀመጥ፣ ሕጉ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ፣ ጨዋታ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ። ስዊድን ውስጥ ስንት አያትና ጡረተኛ እንደሚተኩስ ሳይቀር ነገርኳት። የነገርኳት ሁሉ እውነት ነበር። አላቋረጠችኝም፤ ስጨርስ ብቻ ድምጿን ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«ስለ ሽጉጡ አልጠየቅኩህም። ያን ቀን ልጄ እጇን በሩ ላይ አድርጋ፣ ሰዎቹ ሲጸልዩልህ፣ አሜን ብለሃል አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«እኔን እያየህ?»

ብትጮህብኝ፣ ውጣልኝ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ምጣዱን ከእጄ ተቀብላ እንቁላሉን ለሁለት ከፍላ፣ አንዱን ለእኔ አንዱን ለሊዲያ አደረገች።

ሰኞ ክለብ ሄጄ ለጉኔል ሁለቱንም ውሸት ነገርኳቸው፣ ማመልከቻውን ተውኩት። እህትህ ስልክ ላይ አላጋለጠችህም፣ ምንም እንዳላወቀች አላሳየችኝም አሉኝ። ከፈለግኩ ያረጀውን የክለቡን ሽጉጥ መጠቀም እችላለሁ ተባልኩ፤ እሱን ነው ሥራ አግኝቼ ጊዜ እስኪያጥረኝ የተኮስኩት። ረቡዕ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ የጸሎቱ ሰዎች ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ጋሽ ጴጥሮስ ወደ ክፍሌ በር አየት አደረጉና፣

«እኛም ሳንጠይቅ ነው የተሸከምነው። ይቅር ይበለን። ወገቤ ግን እስካሁን ያመኛል» አሉ።

ሰዉ ሳቀ። እትዬ አስቴርም ሳቀች፣ አብራ ጸለየች፣ ሻይ ስትቀዳ ለእኔ ስኳሩን እንደምወደው አድርጋ ሰጠችኝ። ካዝናው ውስጥ በእርግጥም ፓስፖርቶቹና የሊዲያ የልደት ወረቀት ገቡ። አለቀ ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ ይቅር ማለቷን አልጠራጠርም።

ግን በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ሳለሁ የክፍሌ በር ተንኳኳ። ማን ይሆን ብዬ ተነሳሁ። እህቴ ናት፤ የታጠበ ልብሴን አጣጥፋ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። እስከዚያ ቀን ድረስ አንኳኩታ ገብታ አታውቅም። መቀስ ፍለጋ ትገባለች፣ ሻይ ይዛ ትገባለች፣ መጋረጃ ልትከፍት ትገባለች፤ ስንት ጊዜ ስዊድኖቹ እኮ ያንኳኳሉ እያልኩ ተነጫንጬባታለሁ። ግቢ አልኳት። ልብሱን ወንበሩ ላይ አድርጋ፣ ዙሪያውን ሳታይ፣ በሩን ከኋላዋ ዘግታ ሄደች።

ለሊዲያ በመጨረሻ ጻፍኩላት። ከእጅሽ ጋር የምትገጥመውን ምረጪ፣ ለስሟ አትጨነቂ፣ ክለብሽን የምትወዳደሩበትን ዓይነት ቀድመሽ ጠይቂ አልኳት። ለእናትሽም ከማንም በፊት አንቺው ንገሪያት፣ ተቀምጠሽ፣ ፊቷን እያየሽ አልኩ። በአውራ ጣት ምልክት መለሰችልኝ፤ የዛሬ ልጅ ከዚህ በላይ አይጽፍም።

እትዬ አስቴር አሁን ጡረታ ወጥታለች። አምና ጉልበቴን ኦፕራሲዮን በሆንኩ ጊዜ ቁልፍ ሰጥቻታለሁ፣ በየሳምንቱ በቱነልባና መጥታ ትጠይቀኛለች፣ ወጥ ይዛልኝ ትመጣለች። ከመስኮቴ ከጣቢያው ስትወጣ አያታለሁ። ደረጃውን ስትወጣ ቁልፏ ሲንቃጨል እሰማለሁ። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ደወሉን ትጫንና ትቆማለች። ለምን በቁልፍሽ አትገቢም ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ጉልበቴን እያሻሸሁ እነሳና እከፍትላታለሁ።